የእግዚአብሔር እጩ ነበርኩ

ወንበሯ ባዶ መሆኗን ያየሁት አንድ ሐሙስ ማታ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችን አሥራ ሁለት ሰው ነበረው። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር የአንድ አዛውንት ናት። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ስድስት ዓመት አብረን ስናጠና መቅረት አያውቁም። ጉንፋን ሲይዛቸው እንኳ አንገታቸውን ጠምጥመው ይመጡና «እኔን አትጠጉኝ፤ ቃሉን ግን አካፍሉኝ» ይላሉ። ያን ሐሙስ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወጣት ቦርሳውን አስቀመጠባት። ማንም ምንም አላለም።

እኔም አላልኩም። ደስታ ላይ ነበርኩ። ለአካባቢያችን ምክር ቤት ከተመረጥኩ ገና ወር አልሞላኝም።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ «ክርስቲያንን ፖለቲካ ውስጥ ምን ዶለው?» የሚለው ነው። ሌላው ነገ ጠዋት እጩ ሆኖ ሊመዘገብ ቅጹን ሞልቶ ያደረ ነው። የመጀመሪያውን ሰው አሥር ዓመት ያህል ሆኜዋለሁ። ሁለተኛውንም ሆኜ አይቻለሁ። አምስት ዓመት፣ አንድ የምርጫ ዘመን፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ወርጃለሁ። ጥፋቴ ለሌላ ሰው መንገድ ቢያሳጥርለት ብዬ ነው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የሰው ደረሰኝ ስደምር የምውል ሴት ነኝ። እሁድ እሁድ ልጆች አስተምራለሁ። ፖለቲካ ሲነሳ «ቆሻሻ ነው» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። ምርጫ ሲደርስ ድምፅ እሰጣለሁ፤ ለማን እንደሰጠሁ ግን በማግስቱ እረሳዋለሁ። ይሄ ንጽሕና ይመስለኝ ነበር።

ያነቃኝ ነገር ትልቅ አይደለም። ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት መኪና የሚበርበት መንገድ አለ። ማቋረጫ የለውም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ልጆች ተገጩ። አንደኛዋ የእሁድ ተማሪዬ ናት፤ እስከ ዛሬ ስትሮጥ አንድ እግሯን ትጎትታለች። ቡድናችን በየሳምንቱ ስለዚያ መንገድ ይጸልያል። አንድ ቀን ብዙ የማትናገር እህት ከአሜን በኋላ ቀና አለችና «ጸሎቱ መልካም ነው። ማመልከቻውን ግን ማን ይጽፈዋል?» አለች። ሳቅን። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ወረቀት የሚወድ እኔ ነኝ።

ጻፍኩ። ማመልከቻው ሰባት ወር ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተጓዘ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ አዘነልኝና «እህቴ፣ ይሄ የበጀት ነገር ነው። የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። እዚያ ሰው አላችሁ?» አለኝ።

አልነበረንም።

ማታ ቤቴ ገብቼ የያዕቆብን መልእክት ገለጥኩ። «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘው ሰው እኔ ነኝ። ኤርምያስ ምዕራፍ 29ንም አነበብኩ። ነቢዩ ለምርኮኞቹ ሲጽፍ ስለ ከተማዪቱ ጸልዩ ብቻ አላላቸውም፤ ሰላሟንም ፈልጉ ብሏቸዋል። ከተማዪቱ ደግሞ የእነሱ አይደለችም። ባቢሎን ናት፤ ማርካ የወሰደቻቸው። ለባቢሎን እንዲህ ከተባለ ለእኔ ሰፈር ምን ሊባል ነው?

በግል ተወዳዳሪነት ተመዘገብኩ። እስከዚህ ድረስ ዛሬም የምጸጸትበት ነገር የለም።

ጥፋቱ የመጣው ከምርጫው በፊት ባለው እሁድ ነው። መጋቢያችን ስብከቱን ጨርሶ ስሜን ጠራ። መድረክ ላይ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ከበቡኝ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ተጸለየልኝ። ከዚያ መጋቢው ማይክራፎኑን አንስቶ «እነሆ፣ የእግዚአብሔር እጩ!» አለ። ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኛል። ጉሮሮዬን እንባ አነቀው። ማንም አላስገደደኝም። ማይክራፎኑን ተቀብዬ «ጌታ ራሱ ይዋጋልኛል» አልኩ። እነዚያ ሦስት ቃላት ዛሬም ትዝ ሲሉኝ ጆሮዬ ይግላል።

አሸነፍኩ። ከዚያ ያቺ ወንበር ባዶ ሆነች።

በአራተኛው ሳምንት አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«አባባ፣ ጠፉብን» አልኳቸው።

«እኔ የት እጠፋለሁ? ቤቴ ነኝ።»

ተቀመጥን። ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወራን። ስለ ልጅ ልጃቸው አወራን። ወሬው ሲያልቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አንቺን ባለመምረጤ አላፍርም። ያኛውን ልጅ አስተምሬዋለሁ። በትምህርት ጉዳይ ላይ ያለው ሐሳብ ካንቺ ይሻላል፤ የመረጥኩትም ለዚያ ነው። ግን አንቺ የእግዚአብሔር እጩ ተብለሽ ተጨበጨበ። እኔ ታዲያ የማንን እጩ ነው የመረጥኩት?»

ዝም አልኩ።

«ደግሞ እኮ ያም ልጅ አማኝ ነው። የእሱም ቤተ ክርስቲያን ጸልዮለታል። እግዚአብሔርን ለሁለት ከፍላችሁ ወረፋ አስያዛችሁት።»

ልከራከር አልቻልኩም። ከአሥርቱ ትእዛዛት ሦስተኛውን ለልጆች ሳስተምር የኖርኩት «በእግዚአብሔር ስም አትማሉ» እያልኩ ነው። እሳቸው ዘጸአት 20፡7ን አውጥተው አስነበቡኝ። «የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ» ይላል የእኛው። በዕብራይስጡ ቃሉ ማንሳት፣ መሸከም ማለት ነው አሉኝ። ስሙን ለማይሆን ነገር አትሸከም። ባንዲራ እንደሚሸከም ሰው። ያን ቀን መድረክ ላይ የተሸከምኩትን አሰብኩ። የመንገድ ማቋረጫና የቆሻሻ ገንዳ ዕቅድ ይዤ የሁሉን ቻይ አምላክ ስም ለጠፍኩበት።

የታሪክ መምህር ናቸውና በዚያው አላቆሙም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 1933 በጀርመን በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ምርጫ «የጀርመን ክርስቲያኖች» የሚባለው፣ መስቀሉን ከናዚ ምልክት ጋር ያጋባው ቡድን አሸንፎ ነበር። እነዚያ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ፣ የሚዘምሩ፣ የሚያለቅሱ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት በግንቦት 1934 ባርመን ላይ የተሰበሰቡት ሌሎች አማኞች «ቤተ ክርስቲያን የምትሰማው አንዱን ቃል ክርስቶስን ነው» የሚል መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። በደቡብ አፍሪካም የአፓርታይድ መንግሥት ሮሜ 13ን እየጠቀሰ ታዘዙ ሲል፣ የሥነ መለኮት ሊቃውንት በ1985 ያወጡት የካይሮስ ሰነድ ይህን «የመንግሥት ሥነ መለኮት» ብሎ ስሙን አወጣለት። ጳውሎስ ያንን ምዕራፍ የጻፈው ኔሮን በነገሠበት ዘመን ነው። ንጉሡ ጻድቅ ነው አላለም። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» የሚለውን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ንም ማንም ከመጽሐፉ አልቀደደውም።

«አንቺ ናዚ ነሽ አላልኩም» አሉኝ ሲሸኙኝ። «መንገዱ ግን የሚጀምረው እንዲህ በጭብጨባ ነው።»

በሚቀጥለው እሁድ መጋቢውን ፈቃድ ጠይቄ አንድ ደቂቃ ብቻ ተናገርኩ። እኔን ያልመረጠ እግዚአብሔርን አልተቃወመም፤ ያልኩትን ስቼ ነው ያልኩት አልኩ። ጭብጨባ አልነበረም። ጥቂት ሰው ተከፋ። ሐሙስ ማታ አዛውንቱ መጡ። ቦርሳውን አንስተው ለወጣቱ አቀበሉትና ተቀመጡ። የጥናቱ ክፍል ሉቃስ 6 ነበር፤ የደቀ መዛሙርቱ ስም ዝርዝር። ለገዢዎች ቀረጥ ይሰበስብ የነበረው ማቴዎስና ቀናተኛ (የባዕድ አገዛዝ ተቃዋሚ) የሚባለው ስምዖን በአንድ ማዕድ እንደበሉ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም። ኢየሱስ አንዳቸውን የእኔ እጩ ብሎ አላስጨበጨበም።

ወደ ምክር ቤቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ አሥራ አራት ነጥብ ነበረው። ዘጠኙ ስለ ቆሻሻ ማንሳት ነው። ፖለቲካ ቆሻሻ ነው ያሉኝ ሰዎች አልተሳሳቱም። ከጎልያድ ጋር የሚገጥም መስሎት የገባ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው የቃለ ጉባኤ እርማት ነው። ደንቡን አንብቡ። መዝሙረ ዳዊት በቃሉ የሚያውቅ፣ የስብሰባ ሥነ ሥርዓት የማያውቅ ክርስቲያን ተመራጭ በመጀመሪያው ወር ይሳቅበታል። ተስቆብኛል።

ሌላው በቶሎ የተማርኩት ነገር አነጋገር ነው። ለማቋረጫው በጀት ስከራከር «እግዚአብሔር ሕፃናትን ይወዳል» ብዬ ጀመርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው፣ ሃይማኖት የለኝም የሚል ባልደረባዬ በትህትና አዳመጠኝና «እሺ፣ በቀን ስንት ልጅ ያቋርጣል?» አለኝ። አላውቅም። ጠዋትና ከሰዓት አምስት ቀን መንገዱ ዳር ቆሜ ቆጠርኩ። ቁጥሩን ይዤ ስመለስ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነው። ማቋረጫው በሁለተኛው ዓመት ተሠራ። እምነቴ እዚያ መንገድ ዳር አቆመኝ። ለእሱ የሚገባው ግን ቁጥሩ ነበር፤ እሱም የመራጮቹን አደራ የያዘ ሰው ነው፣ በእኔ ጥቅስ የመወሰን ግዴታ የለበትም።

የባሪያ ንግድን ስለታገለው የእንግሊዝ ፓርላማ አባል፣ ስለ ዊልያም ዊልበርፎርስ፣ ብዙ ስብከት ሰምታችኋል። በስብከቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ክፍል ነው። እምነቱ ሲታደስ ፓርላማውን ትቶ አገልጋይ መሆን አማረው። ድሮ የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረው ቄስ ጆን ኒውተን ነው ባለህበት ቆይ ያለው። ዊልበርፎርስ በ1791 ያቀረበው ሐሳብ 163 ለ88 ወደቀ። የባሪያ ንግዱ በሕግ የተከለከለው በ1807 ነው። በመካከሉ የትግል ጓደኛው ቶማስ ክላርክሰን ወደብ ለወደብ እየዞረ መርከበኛ ያነጋግር፣ የእግር ብረት ይሰበስብ ነበር። ብሩክስ በምትባለው መርከብ ውስጥ ሰው እንዴት እንደተደረደረ የሚያሳየው ሥዕል ከብዙ ስብከት በላይ ሠርቷል። ለባርነት የቆሙትም ጥቅስ ነበራቸው። የመርከቡ ልክ ግን ሊካድ አልቻለም።

አሁን ወደ ከባዱ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ባዶ መሬት ላይ ሁለት ጥያቄ ቀረበ። አንዱ የእኔው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አዳራሽ ሊሠራ። ሌላው የሰፈሩ ሙስሊሞች ጥያቄ ነው፤ መቃብራቸው ሞልቶ ለአዲስ ቀብር። ፋይሉን አየሁት። የእነሱ ማመልከቻ ከእኛ በአራት ወር ይቀድማል። የመቃብሩ ካርታ ተያይዟል፤ ቦታ አልቆ ሰው በሰው ላይ ሊቀበር ነው።

አንድ ማታ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ጸልየው ጀመሩ። ከዚያ አንደኛው በለሰለሰ ድምፅ «እህታችን፣ ወደ መንግሥት የመጣሽው እንደዚህ ላለው ጊዜ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?» አለኝ። የአስቴር ጥቅስ ነው። ለሴት ተመራጭ የማይቀርላት ጥቅስ ናት። እኔም መጀመሪያ ልቤ ሞቀ። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አስቴር ነፍሷን ለአደጋ የሰጠችው ሕዝብ እንዳይጨፈጨፍ ነው። እኔ የተጠየቅኩት ለአዳራሽ ነው፤ ያውም ወረፋ ለመዝለል።

አዛውንቱ ጋ ሄድኩ። አድርጊ፣ አታድርጊ አላሉኝም። አንድ ታሪክ ነገሩኝ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ በ390 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ሕዝብ ስላስጨፈጨፈ ንስሐ እስኪገባ ቁርባን ከለከለው። ንጉሡም ዘውዱን አውርዶ ንስሐ ገባ። ይህን ሁላችንም በኩራት እናወራዋለን። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ388፣ በኤፍራጥስ ዳር ባለችው ካሊኒኩም ክርስቲያኖች በጳጳሳቸው ቆስቋሽነት የአይሁድን ምኩራብ አቃጠሉ። ንጉሡ ጳጳሱ ያሠራው ብሎ አዘዘ። ፍትሕ ነው። አምብሮስዮስ ግን ተቃወመ፤ ክርስቲያን ገንዘቡን ለምኩራብ አያወጣም ብሎ ንጉሡን ተጭኖ ትእዛዙን አስነሳው።

«አንድ ሰው ነው» አሉኝ። «አንድ ዓይነት ድፍረት ነው። አንዱን ቀን ለሞቱ ሰዎች ተናገረበት፣ አንዱን ቀን ለወገኑ።» ከዚያ ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ስብሰባው ቀን አጀንዳው ሲነበብ እጄን አወጣሁ። «የአመልካቿ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። የጥቅም ግጭት አለብኝ። ይመዝገብልኝና ከውይይቱም ከድምፁም እወጣለሁ» አልኩ። ሰብሳቢው ተገረመ። ደንቡ ላይ አለ፤ እስከዚያ ቀን ግን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ደቂቃ። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ሦስቴ አለፈች። በሦስተኛው «አባረሩሽ እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ራሴን ነው ያባረርኩት» አልኳት።

ሰባት ለስድስት። መሬቱ ለመቃብሩ ተሰጠ። የእኔ ድምፅ ቢጨመር እኩል ይወጣ ነበር፤ እሁድ ዕለት ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንዲት እህት በሰላምታ የዘረጋሁትን እጄን አየችና ልጇን ልታስተካክል ጎንበስ አለች። መጋቢው አንድ ወር ያህል በስልክም አላገኘኝም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ምእመኑ ዝናብ ላይ ቆሞ ያመልካል፤ የእኔ ሥነ ሥርዓት ለእሱ ጣሪያ አልሆነለትም።

ወዳጆቼ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ሁለት ናቸው። አንዳንዶቹ መውጣት ጲላጦስነት ነው፣ እጅ መታጠብ ነው ይሉኛል። ለመቃብሩ ድምፅ መስጠት ነበረብሽ የሚሉም አሉ። ክርክራቸውን አልንቅም። ግን የራስ ቤት ጉዳይ ሲመጣ ሚዛኑን ሌላ ሰው ይያዘው ባይ ነኝ፤ ለወገኔም ሆነ በወገኔ ላይ ብፈርድ የሚያምነኝ የለም።

እውነተኛውን ጲላጦስነት የሠራሁት ሌላ ቀን ነው። ማንም አላስተዋለውም። መንገድ ዳር ተነጥፎ የሚሸጥባቸው ቦታዎች ይነሱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አርባ አንድ ሻጮች ነበሩ። አብዛኞቹ እናቶች። ምትክ ቦታ አልተዘጋጀም። ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ግን ማቋረጫውን የደገፉልኝ ናቸው፤ ሌላም ጉዳይ ከእነሱ እጠብቃለሁ። ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ። ጥቅም አልነበረኝም፣ ዝምድና አልነበረኝም። ፈርቼ ነው። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ መንገዱ ተጠርጎ ነበር፤ አንድ የተረሳ ጃንጥላ ብቻ ግንቡ ሥር ወድቆ ነበር። አምስቱን ዓመት ሁሉ ከሚያስታውሰኝ ነገር አንደኛው ያ ጃንጥላ ነው። ድምፀ ተአቅቦ የምታደርጉ ጊዜ ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። መጻፍ ካሳፈራችሁ ተአቅቦ አይደለም።

ስለ ገንዘብ አጭር ላድርገው፤ ሒሳብ ሠራተኛ ስለ ገንዘብ ካወራ አያቆምም። ጉቦ ለእኔ በፖስታ ቢመጣ ቀላል ነበር፤ እምቢ ማለት አውቃለሁ። የመጣው ግን በሌላ በር ነው። አንድ ተቋራጭ፣ ጨረታ ላይ እያለ፣ «ለቤተ ክርስቲያናችሁ ግንባታ ትንሽ ልርዳ ብዬ ነበር» አለኝ። ዘርዝሮ አልጠየቀኝም። ለጌታ ቤት ነው፤ ማን ይከፋል? በዚያው ቀን ለሰብሳቢው በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥም ጨረታው እስኪያልቅ እንዳይቀበል ነገርኩት። ዳንኤልን ሊከሱት የፈለጉ ሹማምንት በሥራው ሰበብ አጡበት ይላል ምዕራፍ 6። ለእኔ ይህ ማለት ከአንበሳው ጉድጓድ በፊት የሒሳብ ምርመራ አለ ማለት ነው። ነህምያም አሥራ ሁለት ዓመት ገዢ ሆኖ የሹመቱን ቀለብ አልበላም። ዮሴፍን ግን ለምሳሌ ስትጠቅሱ ዘፍጥረት 47ን እስከ መጨረሻው አንብቡ። እህሉ ሕዝቡን አተረፈ፤ በመጨረሻ ግን ሕዝቡ መሬቱንም ራሱንም ለፈርዖን ሸጠ። የካህናቱ መሬት ብቻ ቀረ። ይህን ክፍል በምርጫ ሰሞን ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

መጋቢ ሆናችሁ መወዳደር የምታስቡ ካላችሁ፣ መድረኩን አስቀድማችሁ አስረክቡ። የምእመኑን ኃጢአት የሰማ ጆሮና የምእመኑን ድምፅ የሚጠይቅ አፍ አንድ ፊት ላይ ሲሆን ጥሩ አይመጣም። ሆላንዳዊው አብርሃም ካይፐር በ1874 ፓርላማ ሲገባ የቄስነት ሥራውን ለቋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኋላ፣ በ1901 ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1983 ባወጣችው የቀኖና ሕግ ካህናት የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዙ ትከለክላለች። ይህ ሥራ የእኛ የምእመናኑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ስልካችሁን ተጠንቀቁ። ስለ ተፎካካሪዬ የሚያሳፍር ፎቶ ደረሰኝና «እውነት ይውጣ» ብዬ ሼር አደረግሁ። ፎቶው የቆየ ነው፤ ሰውየውም እሱ አይደለም። አጠፋሁት። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ያጠፋሽው ካንቺ ስልክ ነው እንጂ» አለኝ። «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» የሚለውን ለልጆች ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ሦስት ሰው መያዜ ነው። በየወሩ አንዴ እንገናኝ ነበር። የሰጠሁትን ድምፅ ሁሉ አሳያቸዋለሁ፤ ይጠይቁኛል። አንዷ ያቺ ዝምተኛ እህት ናት። ሁለተኛው በእምነት የማይመስለኝ የሥራ ጓደኛዬ ነው። ሦስተኛው አዛውንቱ ናቸው። ከእኔ የሚፈልጉት ነገር የሌላቸውን ሰዎች ምረጡ፤ ቢያንስ አንዱ ያልመረጣችሁ ይሁን። የሻጮቹን ነገር ስነግራቸው ማንም አላጽናናኝም። ደግ አደረጉ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተወዳደርኩ። በዚህኛው መድረክ የለም፣ እጅ መጫን የለም። እሁድ ዕለት መጋቢው የሁሉንም እጩዎች ስም በፊደል ተራ አንብቦ ለሁሉም ጸለየ። እንታረቅ ሳንባባል ታርቀናል። ማይክራፎኑን ይዞ ወደ እኔ አላየም፤ እኔም ወደ ማይክራፎኑ አላየሁም።

ተሸነፍኩ። በብዙ ድምፅ አይደለም፣ ግን ተሸነፍኩ። የመጀመሪያው ተፎካካሪዬ፣ የአዛውንቱ ተማሪ፣ ገባ። ሐሙስ ማታ ቀድሜ ደርሼ ወንበር ስደረድር እሳቸው መጡ። ኮታቸውን በሩ ላይ ሰቀሉ። አዩኝ።

«ልጄ፣ በዚህኛውም አልመረጥኩሽም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ሁለተኛ ወጥቼ ግን አልቀርም» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጸሎት ሲደርስ የአዲሱን ተመራጭ ስም ጠርቼ እንድጀምር ጠየቁኝ። ስሙን ለመጥራት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።